ውሻው «በቃኝ» አይልም፦ ከውሻ ጋር ጫካ ለማደር ለሚነሡ

በዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን የምንነጋገረው ጓዙን በጀርባው ተሸክሞ፣ ድንኳኑን ይዞ፣ አንድ ሁለት ሌሊት ጫካ አድሮ የሚመለስ ሰው ውሻውን ማስከተል ሲፈልግ ምን ማወቅ እንዳለበት ነው።

አገር ቤት ውሻ የግቢ ጠባቂ ነው። ቀን ታስሮ ይውላል፣ ማታ ይፈታል፣ ከቤት አይገባም። እዚህ በዋሽንግተን ዲሲ፣ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ የተወለዱ ልጆቻችን ግን ውሻ ካልገዛችሁልን ብለው ወላጆቻቸውን ያስጨንቃሉ። በመጨረሻም ይሳካላቸዋል፤ ቡችላው ሳሎን ይገባል። ልጆቹ ጎልማሳ ሲሆኑ ደግሞ ቅዳሜ ማለዳ ውሻቸውን መኪና ላይ ጭነው ወደ ሸናንዶዋ ተራሮች ይነዳሉ። መሄዳቸው ጥሩ ነው፣ እኔም እደግፈዋለሁ። ዝግጅቱ ግን ለራስ ከሚደረገው ይበልጣል እንጂ አያንስም።

ከሁሉ በፊት ልብ በሉልኝ የምለው አንድ ነገር አለ። ሰው ሲደክመው ይቀመጣል፣ ሲጠማው ውሃ ይጠይቃል፣ ጫማው ሲልጠው ያማርራል። ውሻ እንዲህ አያደርግም። ጌታው እየሄደ ከሆነ እሱም ይሄዳል። መዳፉ ተልጦ፣ ሰውነቱ ግሎ፣ የኋላ እግሩ እየተብረከረከ እንኳ ይከተላል። ብዙ ሰው ይህን አይቶ «እሱ እኮ አይደክመውም» ይላል። ይደክመዋል። «በቃኝ» አለማለቱ ነው እንጂ። ስለዚህ መቼ መነሣት፣ የት ማረፍ፣ መቼ መመለስ እንደሚገባ የሚወስነው ሰውየው ብቻ ነው። ዛሬ የምነግራችሁ ሁሉ ከዚህ ይነሣል።

ሰውና ውሻ አብረው ረጅም መንገድ ሊሄዱ እንደሚችሉ የሚያሳይ የታወቀ ታሪክ አለ። ቢል አይርዊን የተባለ የኖርዝ ካሮላይና ሰው ዓይነ ስውር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990 ኦሪየንት የሚባል መሪ ውሻውን ይዞ ከጆርጂያ እስከ ሜይን የሚዘልቀውን የአፓላቺያን የእግር መንገድ ተጓዘ። መንገዱ 14 ክፍለ ግዛቶችን የሚያቋርጥ፣ ከ2,100 ማይል በላይ የሚረዝም ነው። በመጋቢት ጀምሮ በኅዳር ጨረሰው፤ ይህን መንገድ ሙሉውን የሄደ የመጀመሪያው ዓይነ ስውርም ሆነ። በየመንገዱ ስፍር ቁጥር የሌለው ጊዜ ወድቋል። ኦሪየንት ግን ለዚህ ሥራ የሠለጠነ መሪ ውሻ ነበር። ሕጉም ለመሪ ውሾች ልዩ ፈቃድ ይሰጣል፤ እሱ ያለፈባቸውን ቦታዎች ሁሉ የእኛ የቤት ውሻ ሊያልፍባቸው አይችልም።

እንግዲህ የት ይፈቀዳል? በአሜሪካ ያሉ አብዛኞቹ ብሔራዊ ፓርኮች ውሻን ከመኪና ማቆሚያውና ከካምፕ ሰፈሩ አያሳልፉም። ግሬት ስሞኪ ማውንቴንስ ከሁለት አጫጭር መንገዶች በቀር ውሻ አያስገባም። የአፓላቺያን መንገድ የሚያልቅበት የሜይኑ ባክስተር ፓርክም እንዲሁ ይከለክላል። ሸናንዶዋ ግን ለእኛ ቅርብ ነው፤ ከዲሲ 75 ማይል ያህል ይርቃል፣ ካሉት ከ500 ማይል በላይ መንገዶች በጣም ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው ለውሻ ዝግ የሆኑት። ከተከለከሉት አንዱ ሁላችንም ፎቶ የምንነሣበት ኦልድ ራግ ነው። እዚያ በእጅም በእግርም ቋጥኝ መቧጠጥ አለ፤ ውሻ አይወጣውም። ዳርክ ሆሎው ፏፏቴ የሚወስደው መንገድም ተከልክሏል። ጫካ ለማደር ደግሞ አስቀድሞ ፈቃድ ማውጣት ግድ ነው። የውሻው ማሰሪያ ከ6 ጫማ መብለጥ የለበትም፤ ውሻውም ምንጊዜም መታሰር አለበት። «የኔ ውሻ ስጠራው ይመጣል» የሚባል ነገር እዚያ አይሠራም።

አንዳንድ ሰው እነዚህን ክልከላዎች የጠባቂዎቹ ጭካኔ አድርጎ ያያቸዋል። ምክንያታቸው እንዲገባን የአገራችንን ምሳሌ ላንሣ። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኘው ቀይ ቀበሮ በባሌ፣ በሰሜን ተራሮችና በሌሎች ጥቂት ደጋማ ቦታዎች ይኖራል፤ የቀሩት አዋቂ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም። ከትልልቅ ጠላቶቹ አንዱ ከቤት ውሻ የሚተላለፍ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 እና 2004 የእብድ ውሻ በሽታ የባሌን ወብ ሸለቆ መታ፤ በሸለቆው ከነበሩት ቀበሮዎች ከአራቱ ሦስቱ ያህል አለቁ። የውሻ ዲስቴምፐር የሚባለው ሌላው በሽታም በተለያዩ ዓመታት ተመላልሶባቸዋል። ለዚህ ነው እዚያ የሚሠሩ ባለሙያዎች በእረኞች መንደሮች እየዞሩ ውሾችን የሚከትቡት። አገር ቤት ሄዳችሁ ባሌን ወይም የሰሜን ተራሮችን በእግር ለመጎብኘት ስታስቡ ውሻ ይዞ መሄድ ጨርሶ አይታሰብ። እዚህ አሜሪካም ቢሆን ራኩን፣ ቀበሮና የሌሊት ወፍ የእብድ ውሻ በሽታን ይይዛሉ። በቨርጂኒያ ሕግ አራት ወር የሞላው ውሻ ሁሉ መከተብ አለበት። ክትባቱ ጊዜው ያላለፈበት መሆኑን ሳታዩ ከቤት አትውጡ፤ የምስክር ወረቀቱንም በስልካችሁ ፎቶ አንሥታችሁ ያዙ።

አሁን ወደ ውሻው እንምጣ። ውሻ ሁሉ ለዚህ ጉዞ አይሆንም። አፍንጫቸው የተደፈጠጠ እንደ ቡልዶግና ፐግ ያሉት ትንፋሻቸው በቀላሉ ያጥራል፤ እነሱን ተራራ ማውጣት ማሠቃየት ነው። ገና በማደግ ላይ ያለ ቡችላም አጥንቱ አልጠናም፤ ለትልልቅ ዘሮች አንድ ዓመት ተኩል ያህል መጠበቅ ይሻላል። ያረጀውንም ሐኪሙ ይየው። ጤነኛ የሆነውም ቢሆን ሳምንቱን ሙሉ ሶፋ ላይ ተኝቶ ከርሞ ቅዳሜ 12 ማይል ሽቅብ አይወጣም። ከሁለት ወር በፊት ጀምራችሁ በሠፈራችሁ መናፈሻ ርቀቱን ቀስ በቀስ ጨምሩለት።

ከሁሉ ይልቅ የማሳስባችሁ ስለ ሙቀት ነው። ውሻ እንደ እኛ በቆዳው አያልብም፤ የሚያልበው በመዳፉ ትንሽ ብቻ ነው። ሰውነቱን የሚያቀዘቅዘው በማለክለክ ነው፤ በምላሱና በአፉ ውስጥ ያለው እርጥበት በትንፋሹ ሲተን ሙቀቱን ይዞለት ይወጣል። የቨርጂኒያ በጋ ደግሞ ወበቅ ነው። አየሩ ራሱ በእርጥበት ስለሚሞላ ምንም ያህል ቢያለከልክ እርጥበቱ ቶሎ አይተንለትም። ጤነኛ ውሻ ሙቀቱ ከ101 እስከ 102 ተኩል ዲግሪ ፋራናይት ነው። ከ105 ሲያልፍ ለሕይወቱ ያሰጋል፤ ከዚያ በላይ ከቆየ አንጎሉ፣ ኩላሊቱና ጉበቱ መጎዳት ይጀምራሉ።

ምልክቱን በዓይናችሁ ማየት ትችላላችሁ። መጀመሪያ ከፊታችሁ ይሄድ የነበረው ውሻ ከኋላ ይቀራል። ከዚያ ከጥላ ጥላ መሄድ ይጀምራል፤ አንድ ዛፍ ሥር ሲደርስ ሆዱን መሬት ላይ ለጥፎ ይተኛል። ምላሱ ይሰፋል፣ ይረዝማል፣ ዳርና ዳሩ ወደ ላይ ይቆለመማል። ስትጠሩት ይነሣል። መነሣቱ አያታልላችሁ፤ የጠራችሁት እናንተ ስለሆናችሁ ነው የተነሣው። ከንፈሩን ገልጣችሁ ድዱን እዩ፤ በደኅናው ጊዜ ፈዘዝ ያለ ሮዝ የነበረው ደም መስሎ ከቀላ፣ ለሃጩ ወፍሮ ከተዝለገለገ፣ ሲራመድ ከተንገዳገደ ወይም ካስመለሰው ጉዞው እዚያው ላይ አብቅቷል። ጭነቱን አውርዱለት፣ ጥላ ውስጥ አስገቡት፣ ያላችሁን ውሃ ሆዱና ብብቱ ላይ አፍስሱ፣ በባርኔጣም በካርታም አራግቡለት። እርጥብ ፎጣ ደራርቦ ማልበስ ሙቀቱን አፍኖ ያስቀራል፤ አታልብሱት። መጠጣት ከቻለ ትንሽ ትንሽ ስጡት፤ በግድ አትጋቱት። መጀመሪያ አቀዝቅዙት፣ ቀጥሎ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። የተሻለው ቢመስልም እንኳ ውሰዱት፤ የውስጥ ጉዳቱ ቆይቶ ሊገለጥ ይችላልና።

ከሁሉ የሚሻለው እዚያ አለመድረስ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ከውሻ ጋር የምትሄዱ ከሆነ ከጎሕ ጋር ተነሡ፣ ቀትርን ወንዝ ዳር አሳልፉ፣ ቀሪውን ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ጨርሱት። እኔን ብትጠይቁኝ ግን በጋውን ዝለሉትና በጥቅምት ሂዱ እላለሁ። ቅጠሉ ቀይና ቢጫ ሆኖ፣ አየሩም ቀዝቅዞ፣ ሰውም ውሻም ደስ ብሎት ይሄዳል።

ውሃን በተመለከተ፣ ውሻ ቤት ተኝቶ በሚውልበት ቀን እንኳ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 60 ሚሊ ሊትር ያህል ያስፈልገዋል። 25 ኪሎ የሚመዝን ውሻ ሳይንቀሳቀስ አንድ ሊትር ተኩል ይፈልጋል ማለት ነው፤ ተራራ ሲወጣ እጥፉን አስቡለት። ሸናንዶዋ ላይ ሸንተረሩን ይዘው የሚሄዱት መንገዶች ውሃ ያጥራቸዋል፤ በበጋው መጨረሻ ምንጮቹ ይደርቃሉ። ጅረት ስታገኙም «እንስሳ ነው፣ ምን ይሆናል» አትበሉ። ጃርዲያ የሚባለው የሆድ ተውሳክ እኛን እንደሚያስቀምጠን እሱንም ያስቀምጠዋል። ያጣራችሁትን ውሃ አብራችሁ ጠጡ። የቆመ፣ አረንጓዴ አረፋ የሸፈነው ኩሬ ሲሆን ደግሞ ፈጽሞ አታስጠጉት፤ በውስጡ ያለው አልጌ ውሻን በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል።

ጭነትም አለ። ለውሻ የተሠራ፣ በሁለቱም ጎኑ ኪስ ያለው ትንሽ ሻንጣ ይሸጣል፤ ውሻው የራሱን ምግብና ውሃ መሸከም ይችላል። ለጀማሪ ከክብደቱ አንድ አሥረኛ ይበቃል። ጠንካራና የለመደ ቢሆን እንኳ ከሩብ ማለፍ የለበትም። መጀመሪያ ባዶውን አልብሱት፣ ለብሶት ይዋል። ግራና ቀኙ እኩል ይሁን፤ ከአንዱ ወገን ውሃ ስትቀንሱ ከሌላውም ቀንሱ፣ አለበለዚያ ቀበቶው ብብቱን ይልጠዋል።

ለመዳፉ ጊዜ ስጡ። ሰፈር ስትደርሱ፣ ድንኳን ከመተከሉ በፊት፣ ውሻውን በጎኑ አስተኙትና አራቱንም እግሮች አንድ በአንድ ያዙ። መዳፉን በአውራ ጣታችሁ ዳስሱት። ደኅና መዳፍ ሻካራ ነው፤ እንደ ብርጭቆ ከለሰለሰ መንገዱ እየበላው ነው። ተቦርቡሮ ሥሩ የቀላ ቦታ ካለ፣ ወይም ዳሩ ላይ ቁራጭ ከተነሣ ነገ ያለ ጫማ አይሄድም። በጣቶቹ መካከል ያለውን ፀጉር ገልጣችሁ እዩ። እሾህ፣ ጠጠር፣ የደረቀ ጭቃ እዚያ ይወሸቃል። ያለማቋረጥ የሚልሰው እግር ካለ እዚያ ላይ አንድ ነገር አለ። የውሻ ጫማ የምትይዙ ከሆነ ቤት ሳላችሁ አለማምዱት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የለበሰ ውሻ እግሩን እያነሣ እያራገፈ መንገድ አይሄድም።

መዥገርን በዚያው ሰዓት ፈልጉ። ከጆሮው ኋላ፣ ከአንገት ማሰሪያው ሥር፣ ብብቱ ውስጥ፣ ጭራው ሥር በጣታችሁ ጫፍ ዳስሱ። በዚህ አካባቢ ያለው አጋዘን ላይ የሚኖረው መዥገር የላይም በሽታን ያስተላልፋል፤ ትንሹ ከሰሊጥ ፍሬ አይበልጥም። በሽታውን ለማስተላለፍ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ቀን በላይ ተጣብቆ መቆየት አለበት፤ ለዚህ ነው የየማታው ፍተሻ ዋጋ ያለው። በወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ያዙትና ሳትጠመዝዙ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት። ክብሪት፣ ጋዝ፣ ቅቤ፣ የሚባለውን ሁሉ ተዉት። ከጉዞው በፊት ሐኪሙ መከላከያ መድኃኒት ይስጠው። ቤታችሁ ድመትም ካለች ንገሩት፤ ለውሻ የሚቀቡ አንዳንድ መድኃኒቶች ለድመት መርዝ ናቸው።

ስለ ምግብ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ተጓዦች በኪሳቸው የሚይዙት ለውዝ፣ ዘቢብና ቸኮሌት የተቀላቀለበት ቆሎ ለውሻ መርዝ ነው። ዘቢብ ኩላሊቱን ያጠፋል፤ ቸኮሌት ልቡን ያናውጣል። ዛይሊቶል የሚባለው ማጣፈጫ ያለበት ስኳር አልባ ማስቲካም ሆነ የኦቾሎኒ ቅቤ የደም ስኳሩን በአንድ ጊዜ ያወርደዋል። ከእኛ ቤት አጉርሱልኝ የሚል ባይጠፋም፣ ወጥም ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ስላለበት አይሰጥ። ሲያነክስ አይታችሁ ከራሳችሁ ቦርሳ አድቪል ወይም ታይለኖል አውጥታችሁ እንዳትሰጡት፤ ሁለቱም ሊገድሉት ይችላሉ። የሚበላው የለመደውን የራሱን ምግብ ነው፣ መጠኑ ግን ከወትሮው ይጨመርለት።

ማሰሪያውን እንደገና ላንሣው። ሸናንዶዋ ጥቁር ድብ በብዛት አለ። ድብ አብዛኛውን ጊዜ ሰው ሲሰማ ይሸሻል። የተፈታ ውሻ ግን ይጮኽበታል፣ ያባርረዋል፣ ድቡ ፊቱን ሲያዞርበት ደግሞ እየሮጠ ወደ ጌታው ይመጣል፤ ድቡንም አስከትሎ። እባብም እንዲሁ ነው። በዚያ ተራራ ኮፐርሄድና ራትልስኔክ የሚባሉ መርዛም እባቦች አሉ፤ አፍንጫውን ቋጥኝ ሥር የሚከት ውሻ ይነደፋል። ከተነደፈ አትብጡት፣ አትምጠጡት፣ እግሩን በገመድ አትሰሩ። ተሸክማችሁት ውጡና ወደ ሐኪም ሂዱ። 30 ኪሎ ውሻ ተሸክሞ ሦስት ማይል መውረድ ቀላል አይደለም፤ ለዚህ ነው ሁለት ሆናችሁ እንድትሄዱ፣ በአካባቢው ሌሊት የሚሠራ የእንስሳት ሐኪም ቤት ስልክ ቁጥር አስቀድማችሁ እንድትይዙ የምመክረው።

ውሻውን ለማሰር ሌላም ምክንያት አለ። ውሻ የሚፈራ ሰው መንገድ ላይ ይመጣል። ከእኛ ወገን በተለይ፣ አገር ቤት በእብድ ውሻ የሞተ ሰው ያየ ወይም ለመከላከያው በተደጋጋሚ የተወጋ ብዙ አለ። በእናታችሁ ዕድሜ ያሉ ሰዎች ከፊት ሲመጡ «አይናከስም፣ አይዟችሁ» ብሎ ማለፍ አይበቃም። ከመንገዱ ወጣ በሉ፣ ማሰሪያውን አሳጥራችሁ ውሻውን ከእግራችሁ ሥር አስቀምጡት፣ እስኪያልፉ ጠብቁ።

ማታ ውሻው ድንኳን ውስጥ ከእናንተ ጋር ይደር። ውጭ ታስሮ ያደረ ውሻ የአጋዘን ኮቴ በሰማ ቁጥር ይጮኻል፤ የጎረቤቱንም እንቅልፍ ይነሣል። መሬቱ ሙቀቱን ስለሚስብበት የሚተኛበት ስስ ፍራሽ ያስፈልገዋል፤ ጥፍሩም የድንኳኑን ወለል እንዳይቀድ አስቀድማችሁ ቁረጡለት። የእሱም ምግብ እንደ እናንተው ለድብ ይሸታል። በፓርኩ ደንብ መሠረት ከመሬት 10 ጫማ ከፍ፣ ከግንዱም 4 ጫማ ፈቅ ብሎ ይሰቀል፤ ወይም ድብ በማይከፍተው መያዣ ይግባ። ዓይነ ምድሩን ከውሃ 200 ጫማ ርቃችሁ፣ አንድ ስንዝር ያህል ቆፍራችሁ ቅበሩት፤ ወይም በከረጢት ይዛችሁ ውጡ። ከረጢቱን አስሮ መንገድ ዳር ትቶ መሄድ ጭራሹን ካለማንሣት የባሰ ነው።

ከተመለሳችሁ በኋላ ሁለት ቀን ይረፍ። በማግስቱ መጠነኛ መገታተር ይኖረዋል፤ በሦስተኛው ቀንም ካነከሰ ሐኪም ይየው። የላይም በሽታ ምልክት ግን በውሻ ላይ ቶሎ አይታይም፤ ከተነከሰ ከሁለት እስከ አምስት ወር ሊቆይ ይችላል። በጥቅምት ተራራ የወጣ ውሻ በጥር አንድ ቀን ምግብ እምቢ ብሎ፣ ትኩሳት ይዞት፣ አንዴ በአንዱ አንዴ በሌላው እግሩ ሲያነክስ ብታዩ ለሐኪሙ «ጥቅምት ላይ ሸናንዶዋ አድረን ነበር» ብላችሁ ንገሩት። ደም ወስዶ ይመረምረዋል፤ በሽታው ከተገኘም በጊዜ በአንቲባዮቲክ ይታከማል።